ወፍጮ ቤቱን ሳላይ ያወጣሁት ደንብ

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው አምስት ሰዎች ነን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ የገበሬዎች ማኅበራችን ሊቀመንበር። ሁለተኛው የማኅበሩ ወፍጮ ፈጪ ነው፤ ፀጉሩ በዕድሜ ይንጣ በዱቄት የማይለይ፣ ከድንጋዩ ጩኸት የተነሳ አንድ ጆሮው የደነቆረ ሰው። ሦስተኛዋ ባሏን ቀብራ የአርባውን ተዝካር ለማውጣት የምትዘጋጅ ጎረቤታችን ናት። አራተኛው ከገደሉ ማዶ ሁለት ማዳበሪያ ጌሾ ጭኖ የመጣ ገበሬ ነው። አምስተኛዋ ሁለተኛዋ ልጄ ናት፤ ያን ጊዜ ትምህርቷን ጨርሳ የሥራ ምደባ እየጠበቀች እኛ ጋ ነበረች። ስማቸውን አልጽፍም። ሁሉም በሕይወት አሉ፤ አብዛኞቻችን ዛሬም በአንድ ቤተ ክርስቲያን እናስቀድሳለን።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል፤ ጥፋቱ ከየት እንደመጣ ያለዚያ አይገባም። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ትልቁ ልጄ አንደኛ ክፍል ሲገባ ከእሱ ደብተር ነው። እሱ ያጠፋውን እኔ አጠናለሁ፤ እሱ የረሳውን እኔ እይዛለሁ። ሦስተኛ ክፍል ሲደርስ እኔ አልፌው ሄድኩ። በዚህ እኮራለሁ፤ ልደብቀው አልፈልግም። ነገር ግን ዘግይቶ ማንበብ የተማረ ሰው አንድ ደካማ ጎን አለው። ወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለዋል። በተለይ ራሱ ያሰፈረው።

ልጆቼንም ማኅበሩንም ያስተዳደርኩት በአንድ መንገድ ነበር። ደንብ አወጣለሁ፤ ደንቡ ይጠበቃል። የሚያለቅስ ያልቅስ።

መንደራችን ከላሊበላ ወደ ብልባላ ሲኬድ ነው። የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ከላይ፣ መንገዱ ዳር ነው። ወፍጮ ቤቱ ደግሞ ታች፣ በድሮው መንደር ውስጥ ነው። ቁልቁለቱ ሃያ ደቂቃ ቢወስድ ነው፤ ዳገቱ ግን ያደክማል። ወፍጮው የሚሠራው በመብራት ነው። መብራቱ አንድ ቀን ይመጣል፣ ሁለት ቀን ይጠፋል። ስለዚህ መጣ ሲባል መንደሩ ሁሉ ማዳበሪያውን በአህያ ጭኖ ይሮጣል።

አንድ ቀን ሦስት ሴቶች ጽሕፈት ቤት ድረስ ወጥተው ከሰሱ። ፈጪው ያዳላል አሉ። ጠዋት መጥተው ማታ ይፈጭላቸዋል፤ ከእነሱ በኋላ የመጣች ግን ወዲያው ትገባለች። አንደኛዋ ጣቷን እየቆጠረች፣ «አራት ሰው አሳልፎብኛል፣ አራት! እኔ የእንጀራ ልጅ ነኝ?» አለች።

እነሱ ከወጡ በኋላ ለራሴ፣ ይህ ሰውዬ ጉቦ ይበላል አልኩ። አረቄ እየጠጣ ተራ ይሸጣል አልኩ። ወርጄ ላየው አላሰብኩም። ምን አለው የሚታይ? ድንጋይ ይዞራል፤ እህል ይገባል፤ ዱቄት ይወጣል።

በዚያው ሰሞን ላሊበላ ባንክ ሄጄ ነበር። በሩ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ሰጡኝ። ሹፌሩም፣ መነኩሴውም፣ የሆቴል ባለቤቱም በቁጥራቸው ተጠሩ። እኔም በቁጥሬ ተጠራሁ፤ የደንብ ልብስ የለበሰው ጥበቃ «ይግቡ አባት» አለኝ። ፍርድ ማለት ይህ ነው ብዬ ተመለስኩ። ከካርቶን አራት ጣት የሚያህሉ ካርዶች ቆረጥኩ። ከአንድ እስከ ስድሳ ጻፍኩባቸው። እያንዳንዱን በማኅበሩ ማኅተም መታሁት፤ ስድሳ ጊዜ። ከዚያ ሦስት አንቀጽ ያለው ደንብ ጻፍኩ።

አንደኛ፤ እህል የሚፈጨው በካርድ ቁጥር ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ሁለተኛ፤ አንድ ቁጥር ለአንድ ማዳበሪያ ነው፤ አንድ ሰው በአንድ ቁጥር አምስት ማዳበሪያ እንዳያስገባ። ሦስተኛ፤ መብራት እንዳይባክን በመሀል ፉርሽካ መፍጨት ክልክል ነው። ፈጪው በቀን ሦስት አራት ጊዜ አንድ ሳፋ ፉርሽካ በወፍጮው እንደሚያሳልፍ ሰምቼ ነበር። ለከብቱ የሚሰርቅ መስሎኝ ነበር።

ደንቡንና ካርዶቹን ለፈጪው ላክኩ። በሁለተኛው ሳምንት ክስ ቆመ። ለወረዳው በምልከው ሪፖርት ላይ «የወፍጮ ወረፋ ቅሬታ ሙሉ በሙሉ ተወግዷል» ብዬ ጻፍኩ። ብዕሩን አስቀምጬ ደጋግሜ አነበብኩት።

ማክሰኞ ዕለት ልጄ የቤታችንን እህል ይዛ ወፍጮ ቤት ወረደች። ከቀትር በፊት ላብ አጥምቋት ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ደረሰች።

«አባዬ፣ ፈጪው ልኮኝ ነው።»

«ምን ሆነ?»

«'መብራቱ ሳይጠፋ እንዲያው አንዴ ይውረዱና ይዩልኝ' ብሏል።»

«ምኑን ነው የማየው?»

«ጌሾ የያዘ ሰው አለ። ከእሱ ቀጥሎ ጤፍ ነው።»

«ካርድ ይዘዋል?»

«ይዘዋል።»

«እንግዲያው ምን ቀረው? ቁጥር ቁጥር ነው በይው።»

ልጄ አየችኝና ወረደች። እኔ ሪፖርቴን ቀጠልኩ። ይህን የምጽፈው ራሴን ለመቅጣት አይደለም፤ እንዲሁ ስለሆነ ነው። እግሬ ጤነኛ ነበር፤ ቀኑም ረጅም ነበር፤ ተጠርቼም ነበር።

ዓርብ ማታ ራት ስንበላ ልጄ እጇን ከትሪው አነሳች።

«የተዝካሩ ዱቄት መሮ ቀረ» አለች።

«የማን?»

«የጎረቤታችን ነዋ! ሁለቱም ማዳበሪያ። ጌሾ ጌሾ ይላል። ለሙከራ የጋገሩትን ቀምሼ ነው የመጣሁት። ልጆቹ እንኳ ተፉት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴትየዋ ያላት አንድ አህያ ነው፤ ጤፏን በሁለት ምልልስ አወረደችው። ባለጌሾውም እንዲሁ። ካርድ የሚሰጠው ማዳበሪያው ወፍጮ ቤት ሲደርስ ስለሆነ፣ የእሱ አንደኛ ማዳበሪያ ከእሷ አንደኛ ፊት፣ የእሱ ሁለተኛ ደግሞ ከእሷ ሁለተኛ ፊት ገባ። በእኔ ሁለተኛ አንቀጽ ምክንያት ጌሾው አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ጤፉን ቀደመው። በሦስተኛው አንቀጽ ምክንያት ደግሞ በመሀል ድንጋዩን የሚያጥብ ፉርሽካ አልገባም። እሷም ቤቷ ስትደርስ ሁለቱንም ዱቄት ጎታ ውስጥ ገልብጣ አዋህዳው ነበር። አርባው የሚውለው ሐሙስ ነው። አርባ ቀን ቀጠሮ አይደለም፤ ለሌላ ቀን አይባልም። ካህናቱ ተነግሯቸዋል፤ ዘመድ ከብልባላም ከማዶም ተጠርቷል።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ማታ ያልኩት ሌላ ነበር።

«ፈጪው ነው» አልኩ። «ሆን ብሎ ነው። ደንቡን ስላልወደደ እኔን ለማዋረድ ነው።»

ተነስቼ ወረቀት አወጣሁ። ፈጪው ከሥራ መታገዱን የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፌ አጠፍኩና ለልጄ ዘረጋሁላት። «ነገ ስትወርጂ አድርሺለት።»

«አልወስድም።»

እንዲህ ያለ ቃል በቤቴ ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም። ባለቤቴ ጎንበስ ብላ የሌለ ፍርፋሪ መልቀም ጀመረች።

«ምን አልሽ?»

«አልወስድም አባዬ። ማክሰኞ የእሱን መልእክት ሽቅብ ተሸክሜ መጣሁ፤ አልሰሙኝም። አሁን የእርስዎን ቁልቁል አልሸከምም። እግር አለዎት፤ ራስዎ ይውሰዱት።»

ቃሏን አላጠፈችም። ደብዳቤውን ኪሴ ከተትኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ወረድኩ። የወረድኩት ለማየት አልነበረም፤ ሰውዬውን በሰው ፊት ላባርረው ነበር። ሳይነገር የሚቀር እውነት እንዳይኖር ይህንንም እጽፈዋለሁ።

መብራት የለም። ሴቶቹ በወፍጮ ቤቱ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ ማዳበሪያዎቹ በግድግዳው ተደርድረዋል። ፈጪው የለም፤ ዘይት ሊያመጣ ሄዷል አሉኝ። ልጠብቀው ማዳበሪያ ላይ ተቀመጥኩ።

«ሊቀመንበር፣ ቁጥር ይዘዋል?» አለች አንዷ።

«እኔ አላስፈጭም።»

«እንዴ! ሳያስፈጩ ወንበር ይዘው? ይነሱ፣ እሱ የቁጥር ዘጠኝ ማዳበሪያ ነው!»

«ተያቸው እታለም» አለች ሌላዋ። «እሳቸው ቢገቡ ድንጋዩ ነው የሚሰበረው።»

ሳቁ እስከ አህዮቹ ደረሰ። በሌላ ቀን ቢሆን ተነስቼ እሄድ ነበር። ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ስላለ ቀረሁ።

በኋላ ዝም ብዬ ሳይ አንድ ነገር አየሁ። ሴቶቹ ካርዶቼን እየተቀያየሩ ነው። ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፤ በነጠላ ሥር ይገባል፣ በሌላ ነጠላ ሥር ይወጣል። አንዷን ጠየቅኋት።

«ምንድን ነው የምትሠሩት?»

ተያዩ። «ይኸው ከተያዝን ተያዝን» አለች አንዷ። «እኔ ቁጥር አራት ነኝ፤ የያዝኩት በርበሬ ያለበት ሽሮ ነው። ከኋላዬ ያለችው ነጭ ጤፍ ናት፤ አራስ አለባት። እኔ ከቀደምኳት የአራሷ ገንፎ ምን ሊሆን ነው? ስለዚህ አራቴን ሰጥቻት አሥራ አንዷን ወሰድኩ።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ታደርጋላችሁ?»

«ደንቡ ከመጣ ጀምሮ ነዋ! በፊትማ ፈጪው ራሱ ነበር የሚያስተካክለን።»

«ማክሰኞስ?»

አንዲት ባልቴት መለሰች። «ማክሰኞ ባለጌሾው እንግዳ ነው፣ አገሩ ሩቅ ነው። ያቺ ምስኪን ለመነችው፤ እኛም ለመንነው። ካርዱን አውጥቶ፣ 'ቁጥሬ ነው፤ ማኅተም አለበት' አለን። ማኅተም ካለው ሰው ጋር ምን እንከራከር?»

ስድሳ ጊዜ የመታሁት ማኅተም ነው። ከማዳበሪያው ላይ ተነሳሁ።

ፈጪው መጣ። እጅ ነሳኝ። ጥቂት ቆይቶ አምፖሉ በራ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ደብዳቤውን አላወጣሁም፤ ቆሜ ማየት ጀመርኩ። ያን ማኅበር ሰባት ዓመት ስመራ ወፍጮው ሲሠራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ፈጪው ወደ ድንጋዩ አልሄደም፤ ወደ ማዳበሪያዎቹ ሄደ። እያንዳንዱን ፈትቶ እጁን ከተተበት፤ እፍኝ አውጥቶ አሸተተ። እርጥብ ስንዴ አገኘና፣ «ይህን ፀሐይ ላይ ዘርጊው፣ ድንጋዩን ይለጥፍብኛል» አለ። አንዱን ማዳበሪያ ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ ገፋ። መጀመሪያ ነጭ ጤፍ፤ ቀጥሎ ጥቁሩ፤ ከዚያ ስንዴ፣ ገብስ፣ ማሽላ። ባቄላና ሽንብራ ከእነዚያ በኋላ። በርበሬና ጌሾ ከሁሉም መጨረሻ። ቆም አለና አየኝ፤ ደንቡን ጥሶ እንደተያዘ ሰው።

«ቀጥል» አልኩት።

ወፍጮው ሲጮህ መነጋገር አይቻልም። በእጁ ጠራኝ። ዱቄቱ ከሚወርድበት ሥር መዳፌን እንድዘረጋ አደረገኝ። ሞቀኝ። አንድ ብሎን ጠምዘዝ አደረገ፤ ዱቄቱ ቀዘቀዘ። የድንጋዩን ነገር በጆሮው ሳይሆን በባዶ እግሩ ከወለሉ ነው የሚሰማው። እህሉ ሊያልቅ ሲል ከእኔ በፊት ያውቃል። ከባቄላው በኋላ አንድ ሳፋ ፉርሽካ አሳለፈ፤ ንጹሕ ሆኖ ገባ፣ ቢጫ ሆኖ ወጣ። የወጣውን ሰጠኝ። ቀመስኩት። ባቄላ ባቄላ ይላል።

መብራቱ ለትንሽ ጊዜ ሲጠፋ ሁለታችን ደፉ ላይ ተቀመጥን።

«ማክሰኞ ለምን ዝም አልክ?» አልኩት።

«ዝም አላልኩም፤ ላክሁብዎ።»

«ራስህ ለምን አልመጣህም?»

«ድንጋዩን ለማን ትቼ?»

«እምቢ አልፈጭም ማለት ትችል ነበር።»

«እችላለሁ። ከዚያ እርስዎ ያባርሩኛል። እሺ ያባርሩኝ። ሴትየዋን ግን 'ነገ ነይ' ልበላት? ነገ መብራት መኖሩን ማን ነገረኝ? የሐሙስ ተዝካር አለባት። ድንጋዩን በእጄ ጠረግሁላት፤ በመጥረጊያ፣ በጨርቅ። ጥርሱ ውስጥ የገባው ጌሾ ግን በጨርቅ አይወጣም። ፉርሽካ ነው የሚያወጣው።» እጁን አየ። «ፉርሽካው ክልክል ነው።»

«ሳትነግረኝ ለራስህ ከብት የምትወስድ መስሎኝ ነበር።»

«በኋላማ ለከብት ነው የሚሆነው። ታዲያ ለማን ልስጠው፣ ለጳጳስ?»

ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። ብዙ ዓመት አንድ ላይ ሠርተን አንድ ላይ ስንስቅ የመጀመሪያችን ይመስለኛል።

ከዚያ የእነዚያን የሦስት ሴቶች ክስ ጠየቅሁት። አልካደም። እነሱ ብዙ ጊዜ የሚያመጡት ሽሮ ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይቆያሉ። ክሱ እውነት ነበር። ዳኝነቱ ነው ስህተቱ። ጉቦ ብሎ ነገር አልነበረም። «ለሽሮና ለበርበሬ የራሱ ቀን ቢሆን አይጉላሉም» አለኝ። «ለሁለት ዓመት ልነግርዎ አስቤ ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«የት አግኝቼዎ?»

ደብዳቤውን ከኪሴ አወጣሁ። ወረቀት አልጥልም፤ ገለበጥኩትና በጀርባው መጻፍ ጀመርኩ። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። የእህሉን ቅደም ተከተል፣ ፉርሽካው መቼ መቼ እንደሚገባ፣ የሽሮውን ቀን። ስንጨርስ፣ «ፊቱ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለኝ። ማንበብ አይችልም፤ ደንቡንም ሰው ነው ያነበበለት።

«የሞኝ ጽሑፍ ነው» አልኩት። እውነቱን የነገርኩት ከተዝካሩ በኋላ ነው፤ ያን ዕለት አፍሬ ነበር።

ከዚያ ወደ ሴትየዋ ቤት ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ጌሾ ትቀጥፋለች፤ ዓይኗ አብጧል። ተነሳች። እንድትቀመጥ ለመንኳት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት። «የፈጪው አይደለም። ጎተራዬ ውስጥ ጤፍ አለኝ፤ የተበላሸብሽን ሃያውንም ቁና ዛሬ አስልክልሻለሁ።»

ነጠላዋን ሰበሰበች። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ አያ» አለች። «ግን ያ ጤፍ እኮ እሱ በእጁ የዘራው ነው። አጭዶ ከምሮ፣ ወቅቶ ሳይጨርስ ነው የተኛ። ለራሱ አርባ ይሁን ብዬ አንዱንም አልሸጥኩት።»

«ያንን መመለስ አልችልም።»

«አውቃለሁ። ደግሞ ከእርስዎ ጎተራ ብቻ ከመጣ የእርስዎ ካሳ ነው የሚሆን። ሰው የሊቀመንበሩን ካሳ በልቶ ይሄዳል። እሱ ካሳ የሚበላለት ሰው አልነበረም። ከሰው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ከመጣ ግን የእሱ ተዝካር ይሆናል።»

ይህ ለእኔ ከባድ ነበር። ከጎተራዬ ሃያ ቁና ማውጣት ቀላል ነው፤ ነገሩም በሁለታችን መሀል ያልቃል። ከሰው ሁሉ እንዲመጣ ከተፈለገ ግን ለሰው ሁሉ መናገር አለብኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሳይበተን ቅጽሩ ውስጥ ቆምኩ። ካርዶቹን ማን እንዳወጣ፣ ማክሰኞ ማን እንደተጠራና ማን እንዳልወረደ ተናገርኩ። ፈጪው ከኋላ ቆሞ አንገቱን ደፍቷል፤ ጥፋት የለበትም አልኩ። በልጆቼ ላይ ስሳሳት ይቅርታ ብዬ አላውቅም ነበር፤ ልምዱ አልነበረኝም።

አንድ ሽማግሌ፣ «ታዲያ ማኅተሙን ምን ልታደርገው ነው?» አለ።

«ደብዳቤ ላይ እመታበታለሁ።»

«ደብዳቤ ላይ ብቻ?»

«ደብዳቤ ላይ ብቻ።»

ሰው ሳቀ። ጤፍ ያለው ጤፍ ያምጣ ተባለ።

ሰኞ ጠዋት መብራት አልነበረም። ጤፉ እየመጣ ወፍጮ ቤት ይከማቻል። ዛሬ ካልተፈጨ ዛሬ አይቦካም፤ ካልቦካ ለሐሙስ አይደርስም። ፈጪው ድንጋዩን አውርዶ ጥርሱን በመዶሻ ሲወቅር ዋለ፤ እኔ ከሥሩ አቧራውን እጠርግ ነበር። ልጄ ከሴቶቹ ጋር ጤፉን ታበጥራለች። ባለጌሾውም ከማዶ አንድ ቁና ጤፍ ይዞ መጣ። ወሬው ገደሉን ተሻግሮ ደርሶታል። ሴቶቹ አልማሩትም።

«ማኅተምህን ይዘሃል?»

«ኧረ ተዉኝ እናንተ ሰዎች! ጌሾዬም ጤፍ ገብቶበት ጠላዬ ወፈረ።»

ስለ መራራው ዱቄት መላ ያገኘው ፈጪው ነው። «ጌሾ ጠላው ውስጥ ሊገባ አይደል?» አላት። «ቂጣ አድርገሽ ለድፍድፉ ጨምሪው። ጌሾውን እኔ አስቀድሜ ከትቼልሻለሁ።» ሴትየዋ ከሰነበተችበት ሐዘን ውስጥ ሆና ሳቀች፤ አፏን በነጠላዋ ሸፍና። የባሏ ጤፍ አልተጣለም፤ በጠላው በኩል ወደ ተዝካሩ ገባ።

ጥቂት ቆይታ አንድ ቁና ጤፍ ይዛ ተመለሰች። ከባሏ ጤፍ ለዘር ያስቀመጠችው ነው። እኔ አይሆንም አልኳት።

«ጠላውን የሚጠጣው ትልቅ ሰው ነው» አለች። «ሕፃናቱስ ከእጁ አይቅመሱ?»

ፈጪው ተቀበላትና ከሌላው ጤፍ መሀል ጨመረው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መብራት መጣ። ሽሮና በርበሬ የያዙት ሁሉ ሳይነገራቸው ማዳበሪያቸውን ወደ ኋላ ጎተቱ። መጀመሪያ ፉርሽካ ገባ፤ ቀጥሎ ጤፉ። እህሉን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ዱቄቱን ቀመስኩት፤ ጤፍ ጤፍ ይላል። ሐሙስ ተዝካሩ ወጣ። ካህናቱ ፍትሐት አድርሰው በሉ፣ ሰው በላ፣ ልጆቹ በሉ። ጠላው ጠንካራ ነበር፤ ማንም አላማረረም።

ከዚያ ወዲህ በማኅበራችን አንድ ልማድ አለ። ስለ ወፍጮ የሚወስን የኮሚቴ አባል ከመወሰኑ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ወፍጮ ቤት ይውላል። ቆሞ ለማየት አይደለም፤ ማዳበሪያ ያነሳል፣ ድንጋይ ይጠርጋል። ስለ ዘር መጋዘኑ የሚወስንም መጋዘን ይውላል። እኔን ጨምሮ። መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ አሁን እየለመዱት ነው። ልጄ ዛሬ ወገል ጤና ከተማ ውስጥ የአንድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ናት። በሥራዋ የመጀመሪያ ወር ወንበሯ ላይ አልተቀመጠችም አሉ፤ ከሠራተኞቿ ጋር ገጠር ለገጠር ስትዞር ከረመች። ደውዬ፣ «ኃላፊ ሆነሽ እንዲህ ትንከራተቻለሽ?» አልኳት። «አባዬ፣ መልእክት እስኪመጣብኝ ልጠብቅ?» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ስልኩን ለእናቷ አቀበልኩ።

እንግዲህ ያ ደንብ ሁላችንን ያስወጣንን ልደምር። ከእኔ ጎተራ ስድስት ቁና ጤፍ። ከአምስቱ የኮሚቴ አባላት አምስት። ከስምንት ጎረቤቶች ስምንት። ከባለጌሾው አንድ። ከፈጪው አንድ፤ እንዳይሰጥ ብለምነው እምቢ ብሎ። ከሴትየዋ አንድ፤ ለዘር ካስቀመጠችው። የፈጪው ሁለት የሥራ ቀን፣ የእኔ ሁለት፣ የልጄ አንድ፣ ያበጠሩና የጋገሩ የአራት ሴቶች አራት። በሐምሌ ከሴትየዋ ማሳ አንድ ጥግ ዘር ስላነሳት ጤፍ ሳይዘራበት ቀረ፤ በኋላ ሽንብራ ዘራችበት። ድምሩ ሃያ ሁለት ቁና ጤፍ፣ ዘጠኝ የሥራ ቀን፣ አንድ ጥግ መሬት።